ውኃ አልበቃኝ ያለው መኪና

የጡረታ ደብዳቤዬን የተቀበልኩ ዕለት የቧንቧ ክፍሉ ልጆች ለስላሳ ከፍተው፣ ዳቦ ቆርሰው ሸኙኝ። ጨዋታው ሲደራ አንደኛው «ጋሽ ካሳ፣ በሥራ ዘመንዎ ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩበት የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የከተማውን ዋና የውኃ መስመር ወይም የጉድጓዱን ፓምፕ እንድል ጠብቀው ነበር። «የሳህን ማጠቢያ መኪና ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ለስላሳው በአፍንጫው የወጣበትም ነበር።

እኔ ድሮም ቶሎ ቱግ እላለሁ። «ሳቁ፣ ሳቁ! ዕቃ ሲበላሽ ነቅላችሁ አዲስ ከመግጠም ሌላ ምን ታውቃላችሁና!» ብዬ ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ልጆቹ አሳዘኑኝ። ዛሬ መለዋወጫው በየሱቁ ሞልቷል፤ የተበላሸው ለምን እንደተበላሸ ሳይጠይቁ መለወጥ ይቻላል። በእኛ ጊዜ መለዋወጫ የሚባል ነገር ስላልነበረ መጠየቅ ግዴታችን ነበር። እንዴት እንደሚጠየቅ ያስተማሩኝን ሰው፣ መጀመሪያ ያሳፈረኝን በኋላ ያኮራኝንም መኪና ልጻፍላቸው፤ አንብበው ሲያበቁ ከፈለጉ ይሳቁ።

ወደ መቐለ የመጣሁት ጣልያን መንገድ ሲያስጠርግ ከወሎ ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ነው። ድንጋይ መፍለጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚሻ አንድ ቀን ይሞክረው። አንድ ጠዋት ለወታደሮቹ ሰፈር ቧንቧ ሲዘረጋ ተሸካሚ ጎደለና እኔን ጠሩኝ። የቧንቧውን ሌላ ጫፍ የተሸከሙት ቀጭን ረጅም ሰው የአገሬ ሰው ሆነው ተገኙ። አያ እንድሪስ ይባላሉ፤ የወሎ ሙስሊም ናቸው። ቧንቧውን መሬት ስናሳርፍ «አንተ ልጅ፣ ስትሸከም አትቸኩልም፤ ከእኔ ጋር ብትሠራስ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ድንጋይ አልፈለጥኩም።

አለቃችን ካፖው ሲጮህ ተራራው የሚሰማው ጣልያናዊ ነበር። ቧንቧ ላይ ጥርስ ማውጣትንና ብየዳን ያስተማረን እሱ ነው፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ፣ ለስድቡ አላመሰግነውም። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር። ኲሓ ያለውን የውኃ ፓምፕ፣ የወታደሮቹን ማብሰያ ቤት፣ የዱቄት ወፍጮውን፣ ከዚያም የከተማውን ቧንቧ ከአያ እንድሪስ ኋላ ኋላ እየተከተልኩ ሠራሁ። ካፖው እጄን አሠልጥኗል፤ ጭንቅላቴን ያሠለጠኑት ግን አያ እንድሪስ ናቸው።

የእሳቸው ልማድ እንዲህ ነበር። የተበላሸ ነገር ዘንድ ሲጠሩ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አይከፍቱም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ከዚያ ተነሥተው በየቀዳዳው ጣታቸውን እየከተቱ ያወጡና ያሸቱታል። ዝገቱን፣ ዘይቱን፣ የተቃጠለውን ጎማ፣ ቧንቧ ውስጥ የሞተችውን አይጥ በጠረኑ ይለዩታል። «ዓይንን መኪና ይሸነግለዋል፣ አፍንጫን ግን አይችለውም» ይሉ ነበር። እኔም ከእሳቸው ወርሼ፣ ዛሬም ሰው ቤት ስጋበዝ ሳላውቀው ብርጭቆውን አሸትና ባለቤቴ በእግሯ ትጎስመኛለች።

ሁለተኛው ልማዳቸው ሰውን ያሳብድ ነበር። አንድ ነገር ጠግነው ከሠራላቸው በኋላ መልሰው ያበላሹታል! ኲሓ ያለው ፓምፕ ውኃ መሳብ አቅቶት ሲፈቱት ውስጡ ያለው የቆዳ ክዳን ተሰንጥቆ አገኙ። አዲስ ቆዳ ቆርጠው ገጠሙለት፤ ውኃው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሁላችንም ስንደሰት እሳቸው እንደገና ፈቱትና የተሰነጠቀውን አሮጌ ቆዳ መለሱበት። ፓምፑ እንደበፊቱ ውኃ መሳብ አቃተው። ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ ብለው አዲሱን ለዘለቄታው ገጠሙ። ካፖው ራሱን ይዞ ጮኸ። ወደ ቤት ስንሄድ «ካሳ፣ ብልሽት ስትጠራው አቤት ካላለህ ገና አላወቅኸውም። በአጋጣሚ ሸሽቶህ ይሆናል፤ የሸሸ ደግሞ ይመለሳል» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልገባኝም ነበር።

ጣልያን ሲወጣ ካፖውም ሄደ። መሣሪያው፣ ቧንቧውና ብልሽቱ ግን ለእኛ ቀረ። የመኮንኖቻቸው መዝናኛ የነበረው ቤት የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ሆነ። ኃላፊው አቶ ተሰማ ከሸዋ የመጡ፣ ንጽሕና የሚወዱ፣ ውኃ ሲፈስ ካዩ ደማቸው የሚፈላ ሰው ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ ያን ጊዜ በመቐለ ውኃ እንደ እህል የሚቆጠብ ነገር ነበር፤ የማረፊያ ቤቱ ሁሉ ከጣሪያው ላይ ካለ አንድ ታንከር ይጠጣል።

ወጥ ቤቱን የያዘችው እትዬ ለተብርሃን ነበረች። የመቐለ ልጅ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያች ሥራ የምታሳድግ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ ይላል፤ ስትናደድ ጭራሽ ሁለቱን አንድ ላይ ታወርደዋለች። ወጥ ቤቷ ጥግ ጣልያን ትቶት የሄደ ትልቅ የብረት ሣጥን ቆሞ ነበር። የጥምቀት ሰሞን አቶ ተሰማ እኔንና አያ እንድሪስን ጠርተው እንድናስነሣው አዘዙን፤ የሳህን ማጠቢያ መኪና ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሳህኖቹ በሽቦ ቅርጫት ተደርድረው ሣጥኑ ውስጥ ይገባሉ። ከጣሪያው ታንከር ውኃ ይወርድለታል፤ ከሥሩ እሳት ይነድዳል፤ በጎኑ ያለው እጀታ ሲዞር ውስጡ ያለው መቅዘፊያ የፈላውን ውኃ ሳህኖቹ ላይ ይረጫል። ውኃው ልኩ ላይ ሲደርስ በራሱ መቆም አለበት። ለዚህ ሲባል ከትልቁ ሣጥን ጎን አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ የነሐስ ሣጥን አለች። ሁለቱን ከታች በኩል አንድ ቀጭን ቱቦ ያገናኛቸዋል፤ ስለዚህ በትልቁ ውስጥ ውኃው ከፍ ሲል በትንሿም እኩል ከፍ ይላል። በትንሿ ውስጥ ባዶ የመዳብ ኳስ ይንሳፈፋል። ኳሱ ከፍ ሲል ክንዱ የውኃውን መግቢያ ይዘጋዋል። ይኸው ነው። በችኮላ ጊዜ ቶሎ ለመሙላት ደግሞ በእጅ የሚከፈት ሌላ መክፈቻ ነበረው። ይህቺ መክፈቻ በኋላ ጣጣ አመጣች።

እትዬ ለተብርሃን መኪናውን መጀመሪያ አልወደደችውም። «ይሄ ዲያብሎስ ሳህኔን ይሰብራል» ብላ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ማንንም አታስነካውም። እጇ ከፈላ ውኃና ከአመድ ዐረፈ፤ ከእሷ ጋር የሚሠሩት ሴቶችም እጀታውን እየዘወሩ ይዘፍኑ ጀመር።

የቅበላ ሰሞን፣ ጾሙ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ መኪናው ውኃ አልበቃኝ አለ። ሣጥኑ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ወጥ ቤቱ ኩሬ ሆነ። ተጠራን። ስንደርስ ወለሉ ተወልውሏል፣ መኪናው አብረቅርቆ ቆሟል። ውኃ ለቀቅንበት፤ ሞላና ልኩ ላይ ሲደርስ በሥርዓቱ ቆመ። ኳሱን አወጣን፤ ቀዳዳ የለውም። መግቢያውን ፈታን፤ አፉ ላይ ኖራ ተጋግሯል። የመቐለ ውኃ ኖራ ያበዛል፤ ማንቆርቆሪያ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። «ይኸው ሌባው!» አልኩ። በአቼቶ ዘፍዝፈን፣ ፍቀን፣ መልሰን ገጠምን።

ሁዳዴ ሙሉውን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። አቶ ተሰማ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ያነሡልኝ ጀመር። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ የጠገነው ማን እንደሆነ ላልጠየቀኝም ሰው ጭምር ነገርኩ። አያ እንድሪስ ብቻ «ኖራውን መልሰን ብናጋግረው ይፈስስ ነበርን?» ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁ። ኖራ በአንድ ቀን አይጋገርም ብዬ ሳቅሁባቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

በፋሲካ ማግሥት ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ ሳለ መኪናው እንደገና ሞልቶ ፈሰሰ። ሴቶቹ ለእንግዶቹ ምግብ ሊያቀርቡ ወጥተው ስለነበር ማንም ቶሎ አላየውም። የጣሪያው ታንከር ጨርሶ ባዶ ሆነ። ውኃው ከወጥ ቤቱ አልፎ ዕቃ ቤት ገባና ለበዓሉ ሳምንት የተዘጋጀውን ዱቄት ሊጥ አደረገው። እንግዶቹ በዓመት በዓል ቀን ፊታቸውን የሚታጠቡበት አጡ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ ሁለት ቧንቧ ሠሪዎች ባሉበት ቤት ውኃ በእንስራ ተለመነ።

ስንደርስ አቶ ተሰማ ፊታቸው ጠቁሯል። ወለሉ ደርቋል፤ መኪናው እንደ መስተዋት ጠርቷል። በእንስራ ከመጣው ውኃ ሞላንበት፤ ቆመ። ደጋግመን ሞላንበት፤ ደጋግሞ ቆመ። የመግቢያውን አፍ አየነው፤ ኖራ የለበትም።

«መኪናው ደኅና ነው ወይስ አይደለም?» አሉ አቶ ተሰማ።

«አሁን ደኅና ነው» አሉ አያ እንድሪስ።

እኔ ግን አፌን መያዝ አልችልም። ሥራዬ የተነቀፈ መሰለኝ። «መኪናው ጤነኛ ነው ጌታዬ፣ ምንም የለበትም!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አቶ ተሰማ ወደ እትዬ ለተብርሃን ዞሩ። «እንግዲያው ያንቺ እጅ ነው። በእጅ የሚከፈተውን ከፍተሽ ረስተሽዋል።»

«አልከፈትኩም፣ ጐይታይ፣ ጌታዬ። ማርያምን አልነካሁትም!»

«መኪናው ጤነኛ ነው ሲሉሽ ሰምተሻል። እንግዶቹ እስኪሄዱ፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቆዪ። ከዚያ የወጥ ቤቱን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ።»

እሷ እኔን አየችኝ። ያ ምላሷ የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ተበላሽቶብኛል፤ ቧንቧ ፈንድቶብኛል፣ ጉድጓድ ተደርምሶብኛል። እንደዚያች ሰዓት ግን አንገቴን የደፋሁበት የለም። የእኔ ቃል የሴትየዋን እንጀራ ቆረጠ። አያ እንድሪስ በመንገድ ላይ «አንዳንዴ አላውቅም ማለትም ሙያ ነው» አሉኝ። በማግሥቱ ለፓምፕ ሥራ ወደ ኲሓ ሄዱና እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ እትዬ ለተብርሃን ነጠላዋን አጣፍታ ወርክሾፑ ድረስ መጣች። ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ጤነኛ ነው አልክ፣ ወደይ፣ አንተ ልጅ? ጤነኛ?»

«እትዬ፣ ስናየው እኮ ቆመ...»

«እናንተ ስትመጡ ይቆማል! ስትሄዱ ይፈስሳል! እዋይ! እናንተን ያፍራል መሰለኝ። እኔ አፍሬ ወለሌን ስወለውል፣ እንግዳ ባለሙያ ሊመጣ ነው ብዬ የፈላ ውኃ በአመድ አድርጌ ውስጡን ውጩን እንደ ሙሽራ ሳጥበው፣ እሱ ደግሞ ያዋርደኛል!»

የያዝኩት ሞረድ ከእጄ ወደቀ። «ምን አልሽ?»

«ያዋርደኛል አልኩ።»

«ከዚያ በፊት ያልሽውን! ከመምጣታችን በፊት ታጥቢዋለሽ?»

ሰደብኳት መሰላት። «ታዲያ! እናቴ ቆሻሻ ዕቃ ለእንግዳ አሳዪ ብላ ነው ያሳደገችኝ? የቅበላም ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ የፋሲካም ማግሥት አጥቤዋለሁ። ውኃውን ዘግቼ፣ ሣጥኑን አስደፍቼ፣ በፈላ ውኃና በአመድ ፍትግ! ከዚያ ነው ሰው የምልክባችሁ።»

እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ዕቃ ይታጠባል። ይህን የማያደርግ የእኛ አገር ሴት የለችም። ቧንቧ ሠሪም እንግዳ ነው። ብልሽቱን በየጊዜው በገዛ እጇ አጥባ ትጥለውና እኛ የታጠበ መኪና መርምረን «ጤነኛ» እንላለን። ለእኛ ክብር ስትል ያደረገችው ነገር እሷኑ አስወነጀላት።

«በሁዳዴስ አልፈሰሰም አይደል?» አልኳት።

«አልፈሰሰም። ይሄ መኪና ጾመኛ ነው ብለን እንስቅ ነበር።»

ያን ጊዜ አያ እንድሪስ ቢኖሩ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ይወስዱ ነበር። በጾም የኑግ ዘይት እንበላለን፤ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ አይረጋም። በፍስክ ቅቤ እንበላለን፤ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የሚረጋው የት እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም። ግምቴ ትክክል መሆኑንም አላወቅሁም፤ ኖራውም ትክክል መስሎኝ ነበርና። ዳግማይ ትንሣኤ ደግሞ እየቀረበ ነው።

«እትዬ» አልኳት፣ «አንድ ነገር ለምነኝ ብትዪኝ ይህን ነው። ሥራሽን እንደወትሮሽ ሥሪ፤ ብዙ ቅቤ ያለበትን ሳህን ሁሉ እጠቢበት። ሲፈስ ግን በእግዚአብሔር፣ አንዲት ጭልፋ የፈላ ውኃ እንዳታፈሺበት። ቆሻሻውን አሳዪኝ።»

«ቆሻሻ? ለወንድ? በወጥ ቤቴ?»

«ቆሻሻሽ ነው የሚያድንሽ።»

በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕ ዓርብ የለም፤ በየቀኑ ዶሮው፣ ቅቤው ይወርዳል። በቀጣዩ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤቷ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድ ወጥ ቤት ተጎልቶ ሲውል ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሴቶቹ «ካሳ፣ ሽንኩርት ትልጣለህ ወይስ ዝም ብለህ እሳት ትሞቃለህ?» እያሉ ተሳለቁብኝ። ላጥኩላቸው። ዓይኔ ግን ከመኪናው አልተነቀለም። ሲሞላ አየሁ፣ ሲታጠብ አየሁ፣ ሲደፋ አየሁ። ሲደፋ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅቤ ውኃው ሲጎድል አብሮ ይወርድና ሣጥኑ ታች ላይ፣ ልክ ቀጭኑ ቱቦ አፍ ዘንድ ይቀመጣል። ቱቦው ደግሞ ከእሳቱ ርቆ፣ በበሩ በኩል፣ ነፋስ በሚመታው ግድግዳ ሥር ያልፋል።

ከቀትር በኋላ የምሳው ሳህን ሲታጠብ ውኃው ልኩን አለፈ። እትዬ ለተብርሃን «ይኸው!» ብላ ጮኸች። በእጅ የሚከፈተው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ታንከሩን ዘጋሁ፣ ወርጄ የትንሿን የነሐስ ሣጥን ክዳን ፈታሁ። ትልቁ ሣጥን እስከ አፉ ሞልቷል፤ ትንሿ ውስጥ ግን ከታች ትንሽ ውኃ ብቻ! ኳሱ ታች ተጋድሟል። ጎረቤቱ በጎርፍ ሲወሰድ እሱ ወሬውም አልደረሰውም። ቱቦውን ነቅዬ ሽቦ ስሰድበት ከሌላው ጫፍ የጧፍ ቁራጭ የመሰለ፣ ግራጫ፣ ጠንካራ ነገር ወጣ። አሸተትኩት። ኮረሪማ! ንጥር ቅቤ፣ ሴቶቹ በሳሙና ፈንታ ከሚነሰንሱት አመድ ጋር ተለውሶ፣ ረግቶ።

እሪ ብዬ ጮኽኩ። እትዬ ለተብርሃንን አቅፌ ልስማት ስል በጭልፋ መታችኝ።

ከዚያ ተረጋግቼ አሰብኩ። አሁን ሮጬ ለአቶ ተሰማ ብነግራቸው «ባለፈው ኖራ ነው አልክ፣ ከዚያ ጤነኛ ነው አልክ፣ ዛሬ ቅቤ ነው ትላለህ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ብልሽቱን ጠርቼ ማምጣት አለብኝ። መድኃኒቱንም አዘጋጅቼ መቅረብ አለብኝ። ከወደቀ የጣልያን የጭነት መኪና ላይ ሰፋ ያለ የመዳብ ቱቦ ነቀልኩ። በእሳት አለስልሼ፣ እንዳይጨማደድ ውስጡን በአሸዋ ሞልቼ፣ በጉልበቴ ላይ ቀስ እያልኩ አጎበጥኩት። አዲሱ ቱቦ በነፋሱ በኩል ሳይሆን በምድጃው ጎን እንዲያልፍና ሁልጊዜ እንዲሞቅ አደረግሁ። ከታችም ሲታጠብ የሚከፈት መውጫ በየድኩለት። ለአያ እንድሪስም ኲሓ ድረስ ሰው ላክሁ፤ «ጠርቼዋለሁ፣ ሲመጣ ይዩልኝ» ብዬ።

ቅዳሜ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ አቶ ተሰማ ወጥ ቤት ገቡ። እንግዶቹም ወሬ ሰምተው በሩን ሞሉት። አያ እንድሪስ የመንገድ አቧራ እንደለበሱ ደርሰው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

መጀመሪያ አሮጌውን ቱቦ ገጠምኩ። እትዬ ለተብርሃንን ቅቤ ስጠይቃት «ለመኪና? ቅቤዬን?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች፤ ግን ሰጠች። ቀልጦ ከአመድ ጋር ቱቦው ውስጥ ገባ፣ በነፋሱ ቀዝቅዞ ረጋ።

«ጌታዬ፣ በእጅ የሚከፈተውን ራስዎ ይያዙልኝ። ዝግ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አልኳቸው።

ያዙት። ውኃውን ለቀቅሁ። ልኩ ላይ ደረሰ፣ አለፈ፣ ከንፈሩ ላይ ወጣ፣ ፈሰሰ። አቶ ተሰማ መክፈቻውን እንደያዙ ውኃው ጫማቸውን ሞላው። ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው «ዝጋው፣ ዝጋው እንጂ!» እያሉ ጮኹ። ሰዉ ሳቀ። ዘጋሁት። ከአያ እንድሪስ በኩል «ማሻ አላህ፣ አቤት አለህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሙገሳ አላገኘሁም፤ ሜዳልያም ቢሰጡኝ አይተካከለውም።

ቱቦውን ነቅዬ የረጋውን ቅቤ በሽቦ አስወጥቼ በአቶ ተሰማ መዳፍ ላይ አኖርኩት። አሸተቱት። ጆሯቸው ቀላ።

ከዚያ አዲሱን ቱቦ ገጠምኩ። እሳቱ ነደደ። የዕለቱ ሳህን፣ ቅቤው ላዩ ላይ እንደሆነ፣ ገባ። እትዬ ለተብርሃን በርጩማዋን ስባ ከመኪናው ራቅ አለችና ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው። «እኔ የለሁበትም» አለች። «እጄ አለመንካቱን ሁሉም እንዲያይልኝ ነው።»

ውኃው ወረደ። ሣጥኑ ቀስ እያለ ሞላ። የሚሰማው የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር። በበየድኩት ቦታ ላይ አንዲት ክፍተት ብትኖር፣ ዕዳው በሴትየዋ ላይ ነው የሚወድቀው። ውኃው ልኩ አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ቆመ። አቶ ተሰማ ጎንበስ ብለው አዩት። «እንደገና» አሉ። ተደፋ፣ ሳህኑ ተለወጠ፣ ተሞላ። ቆመ። «ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ። ቆመ።

አቶ ተሰማ ቀና ብለው ወደ እትዬ ለተብርሃን ሄዱ። ሁሉም ሲሰማ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉ። «ሳላጣራ ነው የፈረድኩብሽ። ቁልፉ ያንቺ ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም።»

እትዬ ለተብርሃን እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታ ተነሣች። ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር፤ እንዲወርድ ግን አልፈቀደችለትም። ያን ውኃ የሞላ ወለል፣ በጭቃ ጫማ የረገጡትን እንግዶች፣ እኔን፣ አያ እንድሪስን፣ አቶ ተሰማንም አንድ በአንድ አየችን። መወልወያዋን አነሣች።

«ጽቡቕ፣ ጥሩ!» አለች። «በሉ እንግዲህ ወንዶች፣ ከወጥ ቤቴ ውጡልኝ! ሥራ አለኝ።»

አቶ ተሰማ ከሁላችን ቀድመው ወጡ።